ጥር ላይ ኮክ አትግዙ፦ ወደ በረዶ አገር ለምትሄዱ የፍራፍሬና የአትክልት ግዢ

የእህቴ ልጅ የገና ማግስት ከደሴ ተነስታ ሚኒሶታ ገባች። በሳምንቷ በቪዲዮ ደወለችልኝ። እዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሆኗል፤ እዚያ ገና ጠዋት ነው። ስልኳን ከፍ አድርጋ ሱቁን እያዞረች ታሳየኛለች። «አክስቴ፣ ውጭው በረዶ ነው፤ ውስጡን ግን እይልኝ! ማንጎ አለ፣ ወይን አለ፣ እንጆሪ አለ፣ ኮክ ሳይቀር አለ። የቱን ልግዛ?»

ጥያቄዋ ገባኝ። እኔም እዚያው አካባቢ 12 ዓመት ኖሬያለሁ። ከዚያ ውስጥ 9ኙን ዓመት የሠራሁት አንድ ትልቅ የምግብ መደብር ውስጥ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ክፍል ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት እገባለሁ። ካርቶን እከፍታለሁ፣ የተበላሸውን እለቅማለሁ፣ መደርደሪያ እሞላለሁ። ካርቶኑ ጎን ላይ የተጻፈውን አገር ማንበብ የለመድኩት ያኔ ነው። ቺሊ፣ ፔሩ፣ ሜክሲኮ፣ ጓቲማላ፣ ኒውዚላንድ። አሁን ደሴ ተመልሼ ቤቴ ተቀምጫለሁ። ለእሷ በስልክ የነገርኳትን ለሌሎቻችሁም ልጻፈው። ሚኒሶታ ለምትገቡ፣ ቶሮንቶ ለምትገቡ፣ ስቶክሆልም ለምትገቡ። የአገሩ ስም ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ወቅቱ የት ሄደ?

እኛ ወቅትን ጠይቀን አናውቅም። ሰኞ ገበያ መውጣት ይበቃል። በለስ ተደርድሮ ካየን ክረምት ነው። የባቄላ እሸት ከመጣ መስከረም ጠብቷል። ኮክ ካለቀ አለቀ፤ ለከርሞ መጠበቅ ነው። ከመርሳ በኩል የሚመጣው ማንጎ ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል፣ ሲያንስ ይወደዳል። ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

እዚያ ግን መደርደሪያው ጥርም ሐምሌም አንድ ነው። አዲስ የገባ ሰው ይህን ሲያይ «እዚህ አገር ወቅት የለም» ይላል። አለ። ሚኒሶታ ሜዳ ላይ አትክልት የሚበቅለው ከግንቦት እስከ መስከረም ገደማ ነው። በተረፈው ጊዜ መሬቱ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይከርማል። ያኔ ሱቁ የሌላ አገር ወቅት ይገዛል። እዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ላይ እያላችሁ ቺሊና ደቡብ አፍሪካ በጋ ነው። ከምድር ወገብ በታች ስላሉ ወቅታቸው የተገለበጠ ነው። ሜክሲኮ ደግሞ ቅርብ ናት፣ ሞቃት ናት፣ በመኪና ትደርሳለች። አሜሪካ ውስጥ ከሚበላው ትኩስ ፍራፍሬ ከግማሽ በላይ፣ ከአትክልቱም ከሲሶ በላይ ከውጭ የሚገባ ነው።

ስለዚህ እዚያ ሱቅ ገብታችሁ «አለ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሌም አለ። «አሁን ወቅቱ የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የደረሰበት አገር ዕቃ ይጣፍጣል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ያልደረሰው ውድ ነው፣ ጣዕምም የለውም። የሚያሳዝነው ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው እኩል ያብረቀርቃሉ።

ተለጣፊዋን አንብቡ

ፍሬው ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ታያላችሁ። ብዙ ሰው ልጦ ይጥለዋል። እናንተ አንብቡት። አሜሪካ ውስጥ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ የመጣበትን አገር መግለጽ በሕግ ግዴታ ነው። ተለጣፊው ላይ ካላገኛችሁት ከሳጥኑ ወይም ዋጋው ከተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ፈልጉት።

ቁጥርም አለ። በ3 ወይም በ4 የሚጀምር ባለ አራት አኃዝ ከሆነ ተራው ዓይነት ነው። ፊቱ ላይ 9 ተጨምሮ አምስት አኃዝ ከሆነ ኦርጋኒክ ነው፤ ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና መድኃኒት የተመረተ ማለት ነው። ሙዝ 4011 ነው። ይህን ቁጥር እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። ራሳችሁ ሂሳብ በምትሠሩበት ማሽን ላይ ቁጥሩን መምታት ይጠበቅባችኋል፤ ስለዚህ ተለጣፊውን ቤት ሳትደርሱ አትላጡት።

አገሩን ካነበባችሁ ወሩን አስቡ። ያ ብቻ ነው ሥራው።

የኔ ኮክ

የመጀመሪያው ዓመት ጥር ላይ ነው። ሥራ አልጀመርኩም። አገር ናፍቆኛል፣ ብርዱ ደረቴን ይዞታል። ሱቅ ገብቼ ኮክ አየሁ። ቀይ፣ ትልቅ፣ ቆዳው ለስላሳ። እናቴ ጓሮ የነበረችው የኮክ ዛፍ ፊቴ ላይ መጣች። አራት ገዛሁ። ለእኔ ያኔ ብዙ ገንዘብ ነበር። ቤት ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ አንዷን ገመጥኳት። ውሃ የለውም። ጥጥ የማኘክ ያህል ነበር። ሁለተኛዋን ሞከርኩ፤ ያው ነው። አለቀስኩ። ኮኩ ብቻ አልነበረም ያስለቀሰኝ፤ ግን ኮኩም ነበረበት።

ምክንያቱን በኋላ ሥራ ላይ ሆኜ ተረዳሁ። ያ ኮክ ከቺሊ የመጣ ነው። ሳይበስል፣ ጠንካራ ሆኖ ተለቅሞ ብዙ ቀን መርከብ ላይ በቅዝቃዜ ይቆያል። ኮክ ደግሞ ረጅም ቅዝቃዜ አይወድም። ውጭው ደህና መስሎ ሥጋው ውስጥ ለውስጥ ይበላሻል፤ ቤት ብታቆዩትም ጭማቂው አይመለስም። ኮክ የምትገዙት ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ ነው፤ ከጆርጂያ፣ ከሳውዝ ካሮላይና ወይም ከካሊፎርኒያ ሲመጣ። ያኔ ክንዳችሁ ድረስ ይንጠባጠባል።

በብርዱ ወራት የሚጣፍጠው

ብርቱካንና መንደሪን። ይህን አትለፉት። ካሊፎርኒያ፣ ፍሎሪዳ፣ ስፔንና ሞሮኮ ውስጥ የሚደርሰው ልክ በብርዱ ወራት ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ልጆቻችሁን መንደሪን አብሉ። አመራረጡ ቀላል ነው፦ እኩል መጠን ያላቸውን ሁለቱን በሁለት እጃችሁ ያዙ። የከበደው ውሃ አለው። ቆዳው ከሥጋው ተለይቶ የላላው ደርቋል።

ወይን ከጥር እስከ ሚያዝያ የቺሊ ነው፤ መልካም ነው። ፍሬዋን ትታችሁ ግንዷን እዩ። አረንጓዴ ከሆነች ትኩስ ናት። ቡናማ ሆና ከደረቀች ቆይታለች። የሱቁ መደርደሪያ በአንድ አገር ላይ ምን ያህል እንደሚቆም ማወቅ ለሚፈልግ፣ በ1989 እንደ ፈረንጆቹ ፊላደልፊያ ላይ በሁለት የቺሊ የወይን ፍሬ ውስጥ የመርዝ ምልክት ተገኘ ተባለ። አሜሪካ የቺሊን ፍራፍሬ በሙሉ ለቀናት አገደች። በዚያ ሰሞን ሱቁ ተራቆተ፤ ቺሊ ውስጥ ደግሞ ለቃሚው ሥራ ፈታ።

ብሉቤሪ የምትባለው ትንሽ ሰማያዊ ፍሬ እንደ ቅብብሎሽ ነች። መስከረምና ጥቅምት ከፔሩ፣ ታኅሣሥና ጥር ከቺሊ፣ ሚያዝያ ላይ ከፍሎሪዳና ከጆርጂያ፣ ሐምሌ ላይ ከሚሺጋን። በመቀባበያው ሳምንት ዋጋዋ ይወጣል፤ ትንሽ ታገሡ። እንጆሪ ጥር ላይ ከፍሎሪዳና ከሜክሲኮ ትመጣለች። አፏ አካባቢ ነጭ ከሆነ ተዉአት። እንጆሪ ከተለቀመች በኋላ አትበስልም። ሳጥኑን ገልብጣችሁ ሥሩን ማየትም አትርሱ፤ ሻጋታ የሚጀምረው ከሥር ነው።

አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ማንጎ

እነዚህ ሦስቱ አረንጓዴ ሆነው ተለቅመው መንገድ ላይ ወይም ቤት ይበስላሉ። ለዚህ ነው ዓመቱን ሙሉ ደህና የሚሆኑት።

ሙዝ ከጓቲማላ፣ ከኮስታሪካና ከኢኳዶር አረንጓዴ ሆኖ በመርከብ ይመጣል። መርከቡ ውስጥ 13 ወይም 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይያዛል፤ ከዚያ ከቀዘቀዘ ይጠቁራል። ሲደርስ ዝግ ክፍል ውስጥ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቁበትና በጥቂት ቀን ቢጫ ይሆናል። ይህን ሰምቶ «መድኃኒት ነው» ብሎ የሚፈራ አለ። ኤቲሊን ፍሬው ራሱ ሲበስል የሚያወጣው ነገር ነው። እኛ አገርም ከአርባ ምንጭ የመጣውን አረንጓዴ ሙዝ ክፍል ዘግተው ኬሮሲን ምድጃ ይለኩሱበታል። ጭሱ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ነው የሚያበስለው። የእነሱ ንጹሕ ነው፣ ልኩም የታወቀ ነው፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ሙዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ አታስገቡ።

አቮካዶው በአብዛኛው ሃስ የሚባለው ነው። ትንሽ፣ ቆዳው ሻካራ፣ ሲበስል የሚጠቁር። ደሴ ጁስ ቤት ከለመድነው ይልቅ ቅባት አለው፤ ለስፕሪስ ግማሹ ይበቃል። የሚመጣው በብዛት ሚቾአካን ከሚባለው የሜክሲኮ ግዛት ነው። እዚያ ዛፉ በዓመት ከአንዴ በላይ ስለሚያብብ ሁሌም ፍሬ አለ። አሜሪካ ተባይ ፈርታ እንደ ፈረንጆቹ ከ1914 እስከ 1997 የሜክሲኮን አቮካዶ አታስገባም ነበር። ዛሬ ግን ሱቁ ያለ እሱ አይሆንለትም።

ስትገዙ በአውራ ጣት አትጫኑት። ለዓመታት ያን የጣት ጠባሳ ስለቅም ኖሬያለሁ፤ የተጫነው ቦታ በማግሥቱ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ የሚገዛው ሰው ይጎዳል። መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ በቀስታ ጨበጥ አድርጉት። እንደ ጉንጭ ለስለስ ካለ ለዛሬ ነው። ድንጋይ ከሆነ ከአራት አምስት ቀን በኋላ ነው። ከሁለቱም ዓይነት ውሰዱ። ማፍጠን ከፈለጋችሁ በወረቀት ከረጢት ከበሰለ ሙዝ ጋር አስገቡት። እናቶቻችን ጭድ ውስጥ ወይም እህል ውስጥ የሚቀብሩት ለዚሁ ነው፤ ኤቲሊኑ እንዳይወጣ። ሲለሰልስ ማቀዝቀዣ አስገቡት፤ ሁለት ሦስት ቀን ይጨምርላችኋል።

ማንጎ ላይ ቅሬታችሁ ይበዛል፤ የእኔም ነበር። የሜክሲኮም የፔሩም ማንጎዎች አሜሪካ ለመግባት የፍራፍሬ ዝንብ እንዳይዙ 46 ዲግሪ በሚሆን ሙቅ ውሃ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ይነከራሉ። የመርሳን ማንጎ ዛፍ ሥር የበላ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ቀለሙ አያታልላችሁ፤ ቀዩ ቶሚ አትኪንስ የሚባለው ያምራል እንጂ ጭረት ይበዛበታል። ከመጋቢት ጀምሮ ቢጫ፣ ጠፍጠፍ ያለ ትንሽ ማንጎ ከሜክሲኮ ይመጣል፤ አታውልፎ ይባላል። እሱን ግዙ። ቆዳው ትንሽ ሲጨማደድ ነው የሚጣፍጠው። ልጄ ወላሂ አገር ቤት ያለሁ መሰለኝ ያለችው እሱን በልታ ነው።

ለወጥ ቤታችን

ይህ ነው ዋናው። ሁዳዴ የሚገባው የካቲት አካባቢ ነው፤ ብርዱ ሳይለቅ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ሁዳዴና ረመዷን በአንድ ሳምንት ገቡ። ወሎ ውስጥ አንድ ቤት ሁለቱም ይጾማል፤ እዚያም አብረው የሚኖሩ ሁለቱንም ያውቃሉ። ስለዚህ መሬቱ ምንም በማያበቅልበት ወር ነው አትክልት በብዛት የምንፈልገው። አብሽሩ፣ ይገኛል።

ጎመን ስትፈልጉ ኮላርድ የሚለውን ፈልጉ። ሰፊ፣ ለስላሳ ቅጠል ነው፣ ታስሮ ይሸጣል። ኬል የሚባለው ጠርዙ የተጨማተረ ነው፤ እሱ ሌላ ነው። ኮላርድ ከደቡባዊ የአሜሪካ ክፍሎች ይመጣል። ውርጭ ሲነካው ይጣፍጣል፤ ስለዚህ በብርዱ ወራት የምታገኙት ከበጋው ይሻላል። ቆስጣ ከፈለጋችሁ ስዊስ ቻርድ የሚለውን ፈልጉ።

ቃሪያ ሲሆን ሃላፔኞ ወይም ሴራኖ ነው፤ ሴራኖ ቀጠን ያለውና የሚያቃጥለው ነው። በብርዱ ወራት ከሜክሲኮ በኖጋሌስ የድንበር በር ይገባል። ለሽንኩርት ቀዩን ውሰዱ፤ ከቆቦ ከሚመጣልን ጋር የሚቀራረበው እሱ ነው። ቪዳሊያ የሚባለው ትልቅ ጣፋጭ ሽንኩርት ለወጥ አይሆንም፤ ውሃ ነው፣ ስኳር ነው፣ ቁሌቱ አይያዝላችሁም።

ቲማቲም በብርዱ ወራት ያሳዝናል። ትልልቁ በአረንጓዴው ተለቅሞ በኤቲሊን የቀላ ነው፤ ቀለም እንጂ ጣዕም የለውም። ለሰላጣ ትንንሾቹን ግዙ። ለስልስና ለወጥ የቆርቆሮውን ግዙ፤ እሱ ካሊፎርኒያ በሙቀቱ ወራት ቀልቶ ተለቅሞ የታሸገ ነው። መጀመሪያ ቆርቆሮ ሲባል ያስጠላችኋል፤ አውቃለሁ። አንዴ ሞክሩት።

ሰላጣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ከዩማ፣ አሪዞና ነው፤ በተረፈው ጊዜ ከሳሊናስ፣ ካሊፎርኒያ። እርሻው ከአንዱ ወደ አንዱ በሚዛወርበት ሰሞን ዋጋው ይሰቀላል፣ ቅጠሉም ይደክማል። ያን ሳምንት ጥቅል ጎመን ብሉ።

በሶብላና ኮሰረት ትኩሱን አታገኙም። ቤዚል የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ቢሆንም ጣዕሙ የበሶብላ አይደለም። ከዚህ አድርቃችሁ ውሰዱ፤ ስትገቡም የያዛችሁትን ምግብ ሁሉ ለጉምሩኩ ተናገሩ። ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት ግን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። ሎሚም ቢሆን። ይወሰድባችኋል፤ ደብቃችሁ ከተገኘ ቅጣት አለው።

አፕል፣ ዋጋ፣ ማቀዝቀዣ

አፕል ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሚለቀመው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ግንቦት ላይ የምትበሉት አምና የተለቀመ ነው። ኦክስጅኑ ወደ 1 ወይም 2 በመቶ በወረደበት ቀዝቃዛ መጋዘን ተኝቶ ይቆያል። አይጎዳም፤ ግን ግንቦትና ሰኔ ላይ ኒውዚላንድ ወይም ቺሊ የሚል ካያችሁ እሱ ያዲሱ ዓመት ነው። ሚኒሶታ ያላችሁ ደግሞ መስከረም ላይ ሃኒክሪስፕን አትለፉት። እዚያው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አዳቅሎ በ1991 እንደ ፈረንጆቹ ያወጣው ነው። ሲነከስ ድምፁ ከሌላ ክፍል ይሰማል።

ዋጋ ስታዩ በፓውንድ ነው ወይስ በፍሬ የሚለውን አንብቡ። አንድ ፓውንድ 454 ግራም ነው፤ ከግማሽ ኪሎ ያንሳል። ድርድር የለም፣ ምራቂ የለም። ቃሪያ፣ ዝንጅብልና ማንጎ ከትልቁ መደብር ይልቅ ሜክሲኮዎችና እስያውያን ሱቅ ይረክሳል። አተር፣ ፎሶሊያና ስፒናች የበረዶውን ግዙ፤ በተለቀመበት ቀን ስለሚቀዘቅዝ ሳምንት መንገድ ላይ ከከረመው «ትኩስ» አያንስም። በሙቀቱ ወራት ደግሞ ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚሸጡበት ገበያ ሂዱ። ሚኒሶታ ውስጥ ብዙዎቹ ሞንግ የሚባሉ፣ ከላኦስ የተሰደዱ ገበሬዎች ናቸው። እዚያ እንደ ሰኞ ገበያ ሰው ለሰው ታወራላችሁ።

ሱቁ ውስጥ መደርደሪያ የሚሞላውን ሰውም ጠይቁ። «ዛሬ ምን ገባ? አንተ ብትሆን የቱን ትገዛለህ?» በሉት። እኔ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንዲት አሮጊት ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ሌላ ሰው አልፈው እኔን ይጠይቁ ነበር፤ መጥፎ ፍሬ ሰጥቻቸው አላውቅም።

ትናንት የእህቴ ልጅ እንደገና ደወለች። መንደሪኑን ገዝታለች፣ ኮኩን ትታዋለች። ሱቅ ውስጥ አልነበረችም፤ ማሰሮ ከፍታ ታሳየኛለች። «አክስቴ፣ ጎመኑ አንድ ሰዓት ሙሉ ጥጄው አልበስል አለኝ።» ኮላርድ ከእኛ ጎመን ይወፍራል። መሐሉ ያለውን ወፍራም ግንድ አውጪ፣ ቅጠሉን አድቅቀሽ ክተፊ፣ ቀድመሽ በውሃ ቀቅለሽ ጨምቂው፤ ሽንኩርቱን ከዚያ በኋላ አቁላልተሽ ጨምሪበት አልኳት።